ዝም ብዬ መርዶ ያረዳሁ ዕለት

ጓዶች፣ ተቀምጣችሁ አንብቡት። ዛሬ ለአንድ ሰው ለቅሶ አስቀምጬ መጣሁ። ሰውየው ግን አልሞተም!

እኔ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ የነጋዴ ልጅ፣ አሁን የሳይኮሎጂ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ዛሬ የመጀመሪያው የካውንስሊንግ ፈተናዬ ነበር። ሱፐርቫይዘሬ ዶክተር ሰልማ፣ አማርኛ በግማሽ የምትሰማ ሱዳናዊት፣ ጥግ ይዛ ታየኛለች። ከወደቅሁ ዓመቱን መድገሜ ነው።

ደንበኛዬ እማማ የሺ ይባላሉ፣ ከጎንደር ተሰደው የመጡ ሴት ናቸው። ልጃቸው ደሳለኝ ለእርሻ ሥራ መፋዛ ወደሚባል ገጠር እንደሄደ ኔትወርክ ጠፋ፣ ድምፁም ጠፋ። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሏቸዋል። ያውም እህል ራሱ በጠፋበት ዘመን!

እኔ ደግሞ «ቴራፒዩቲክ ሳይለንስ» የሚባለውን ለመሞከር ቋምጫለሁ። አንቺ ዝም ትያለሽ፣ ደንበኛዋ ራሷ ትናገራለች። ቀላል!

በማለዳ ስደተኞቹ የሰፈሩበት ግቢ ሄጄ አስጠራኋቸው። ወንበር አቀረብኩ። ውሃ ሰጠኋቸው። እጃቸውን ይዤ ፊቴን አሳዘንኩ።

ከዚያ ዝም።

ዶክተር ሰልማም ቶብ በሚሉት ነጭ የሱዳን ነጠላዋ ተጠቅልላ ዝም።

እማማ የሺ እኔን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ውሃውን አዩ። ሐበሻን በማለዳ ጠርቶ፣ አስቀምጦ ዝም የሚል ሰው ምን ይዞ እንደመጣ የማያውቅ አለ? ከእኔ በቀር!

«ወየው! ደሴ ሞተብኝ በሉኛ!»

ግቢው በአንዴ እዬዬ ሆነ! ሸራ ተወጠረ። ሴቶቹ ቆጥበው ያስቀመጧትን የራሽን ማሽላ አውጥተው ንፍሮ ጣዱ።

«ኧረ አልሞተም፣ ቴክኒክ ነው!» ብዬ ብጮህ ማን ይስማኝ? አንዷ አቅፋኝ «አይ ልጄ፣ አልቅሽው ይውጣልሽ» አለችኝ።

አለቀስኩ! የተራበ ሰው በእኔ ጥፋት የቀረችውን እህል ሲቀቅል እያየሁ ምን ላድርግ? አፈርኩ፣ ከልቤ አፈርኩ።

ይሄኔ ለቅሶ ሰምቶ የገባ አንድ የሎሪ ሹፌር «ማን ነው የሞተው?» አለ። ነገሩት።

«ደሳለኝ? የመፋዛው? ወላሂ ትናንት አብረን ሻይ ጠጥተናል! ‹እናቴን ደህና ነው በልልኝ› ብሎኝ ቤቷ ጠፍቶኝ ከንጋት ጀምሮ ስፈልጋት ነው የቆየሁት!»

እልልታውን ብትሰሙት! እማማ የሺ ንፍሮውን በሁለት እጃቸው ዘግነው በሉ። ቀጥለው እኔን ሳሙኝ። ቀጥለው ጆሮዬን ቆነጠጡኝ።

«ማክሰኞ እመጣለሁ። ግን እኔ ዝም እላለሁ፣ አንቺ ታወሪያለሽ!»

ዶክተር ሰልማም ንፍሮ እየቃመች ናት። ፈራ ተባ እያልኩ «አለፍኩ?» አልኳት።

«ያ ቢት» አለችኝ በዐረብኛ፣ አንቺ ልጅ ማለቷ ነው። «እህል አልወርድ ያላት ሴትዮ በላች፣ ሳቀች፣ ቀጠሮም ያዘች። ማሳለፉንስ አሳልፍሻለሁ። ግን በምን ዘዴ ረዳቻት ብዬ ልጻፍ?»

እስቲ ሳይኮሎጂ የተማራችሁ ተባበሩኝ። እናትን ልጇን በቁሙ አርድቶ ንፍሮ ማብላት የየትኛው ቲዎሪ ነው?