ማኅበራችን ለሁለት ሲከፈል

ለውጥ የማይወድ ሰው ታውቁ ይሆናል። ለውጥ ሲጠፋ እንቅልፍ የሚያጣውንስ? እኛ ደብረ ብርሃን ላይ አንዷን አግኝተናል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ የመሥሪያ ቤት ሰው ናት። የማርያም ማኅበራችን አባል ሲበዛ ብድግ አለች። «እህቶቼ፣ አድገናል። ያደገ ተቋም በመዋቅር ይመራል» አለችና ለሁለት ከፈለችን። የላይ ሰፈር ቡድን እኔ ቤት፣ የታች ሰፈር እሷ ቤት እንዲጠጣ ተወሰነ። ጽዋው ግን አንድ ነው፤ እሱም እኔ ቤት ነበር። ጽዋ መክፈል ማን ይደፍራል?

በሃያ አንድ ለግማሹ ሰው ብቻ የሚበቃ ጠላ ጠምቄ፣ ዳቦ ደፍቼ ጠበቅሁ። የላዮቹ ገቡ። በሩን ልዘጋ ስል የታቾቹም መጡ።

«እማማ አስካለ፣ የእርስዎ ቡድን እኮ ታች ነው!» አልሁ፣ ዐይኔ ዳቦው ላይ ሆኖ።

«ጽዋው ያለው እዚህ አይደል? እኔ የማርያም እንጂ የቡድን ማኅበርተኛ አይደለሁም። ይልቅ መቀመጫ አምጪልኝ።»

ዳቦው እየሳሳ፣ ጠላው እየጎደለ ሄደ። ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ እመላለሳለሁ። «እመቤቴ፣ በሰው ፊት አታሳፍሪኝ» እላለሁ በሆዴ። ማኅበርተኛን ሳያጠግቡ መሸኘት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አይነገርም።

የመጨረሻው ቁራሽ ሲነሣ በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናት። ብቻዋን ሰው ስትጠብቅ ቆይታ፣ ያልተቆረሰ ዳቦዋን ታቅፋ፣ ጠላዋን አሸክማ መጣች።

ሁሉም ጠገበ። እማማ አስካለ መረቁ። ወይዘሮ ጥሩወርቅም ዙሪያውን ቃኝታ፣ «አያችሁ? መዋቅሩ ባይኖር ይሄ ሁሉ ሰው ይጠግብ ነበር?» አለች።

እኔ እመቤቴን አመሰገንሁ። ያጠገበንን ዳቦ የደፋችው ግን ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናትና፣ «እውነትሽን ነው» ብዬ ጠላ ቀዳሁላት።