ዜና አገጭ፤ ሊቀ አረፋ የመርጨት ፈቃድ ያወጡበት ታሪክ

በዘመነ አማች በሰባተኛው ዓመት፣ ይኸውም የሚስታቸው የእቴጌ ወንድም በግድግዳና በጣሪያ ውስጥ ብርድ የሚከለክለውን አረፋ የመርጨት ፈቃድ ይዞ በነገሠበት፣ እርሳቸውንም ፈቃድ የለህም ብሎ ቱቦ አስይዞ በገዛበት ዘመን፣ ሰዳዴ ብርድ፣ ደፋኔ ስንጥቅ፣ ጸሊመ ጽሕም፣ ማለት ጺመ ጥቁር፣ የሆኑት ሊቀ አረፋ የራሳቸውን ፈቃድ ሊያወጡ ተነሡ። ይህን የምጽፈው እኔው ሊቀ አረፋ ነኝ፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ቢፈለግ እሺ የሚል ታጣ።

ወእምዝ ሠራዊታቸውን አስከትለው ወጡ፤ እነርሱም አረፋ ደርቆበት ያለ ሰው የሚቆም ቱታ፣ መታጠፍ እንቢ ያለ ጓንት፣ እየጮኸ የሚቀድም ኮምፕረሰር፣ ከኋላም እያቃሰቱ የሚጎተቱ ሁለት በርሜሎች ነበሩ። የጽሑፉን ፈተና በላብ አለፉ፤ ለሙከራ በቆመው ግድግዳም ላይ ረጩ፣ አረፋውም አብጦ አብጦ የፈታኙን እርሳስ ዋጠ፣ ነገር ግን ስንጥቅ አልተገኘበትምና ይህንም አለፉ።

በጭምብሉ ፈተና ግን ፈታኙ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «የአረፋው ትነት ሳንባ ያቃጥላል! ጭምብሉ ፊት ላይ ልክክ ካላለ ፈቃድ የለም፤ ጺም ላይ ደግሞ ልክክ አይልም። ጺም ያለው ተላጭቶ ይምጣ!» ሊቀ አረፋም ይህን ሲሰሙ ጺማቸውን በሁለት እጅ ሸፈኑ። ያ ጺም ጌጥ አልነበረምና፤ አገጭ አለመኖሩን የሚሸፍን አጥር ነበር እንጂ። ከሠርጋቸው በፊት አብቅለውት፣ እቴጌ ከሥሩ ያለውን አንድ ቀን እንኳ አላዩም ብለው ያምኑ ነበር፤ ያዩ እንደሆነ ግን ፍቅራቸው ይቀዘቅዛል ብለው ፈሩ፣ እውነቱን ለመናገር እጅግ ፈሩ። ሆኖም ዕድሜ ልክ የአማች ቱቦ መያዝ ይብስ ነበርና ፀጉር ቤት ገብተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተላጩ። ጭምብሉም ልክክ አለ።

ፈቃዱን ሊቀበሉ ወደ መስኮቱ በቀረቡ ጊዜ ጸሐፊዋ ባለ ጺሙን ፎቶ አይታ፣ ፊታቸውንም አይታ፣ «ይሄ ሌላ ሰው ነው! የሚያውቀው ይምጣና ይመስክር!» ስትል አወጀች። እቴጌም በስልክ ተጠሩ። ቧንቧ ሠሪው፣ ቀለም ቀቢው፣ ሰልፈኛውም ሁሉ አንገቱን አስግጎ ሲጠብቅ በሩጫ ደረሱ፤ አገጭ ሊኖር የሚገባውንም ስፍራ ትክ ብለው አዩ፣ ሊቀ አረፋም ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ሲሉ፣ እቴጌ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ኧረ እሱ ነው! ባሌ ነው! ጺም ሳያበቅል ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በደጃችን ሲያልፍ በመስኮት አየው ነበር። አገጭ እንደሌለው እያወቅኩ ነው ያገባሁት። በሉ አሁን ወረቀቱን ስጡት፣ ሥራ ጥዬ ነው የመጣሁት!»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀ አረፋ ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ትነቱ ነው ብለውም አመካኙ፤ በዚያ ቢሮ ትነት አልነበረም። ፈቃዱም በአዲስ ፎቶ ታትሞ ተሰጣቸው።

እንግዲህ ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ አረፋ የሚረጭ ሁሉ ይወቅ፤ እንደ ሊቀ አረፋ ያለ አልተነሣም፤ ፊታቸውን አይተው ካገቧቸው ሴት ያንኑ ፊት ይህን ሁሉ ዘመን ሲደብቁ የኖሩ፣ ታላቅ፣ ክቡር፣ ባለ ሙሉ ፈቃድ ሞኝ።