ለእንግዳ የተቀመጠው መድኃኒት

ጥሩ ነገሩን ሁሉ «ለእንግዳ» እያለች የምትቆልፍ ሴት የሌለችበት ሰፈር በምድር ላይ የለም። ለእኛ፣ ለሳማርካንዶቹ የደረሱን ክብርት እትዬ ኢኖባት ናቸው፤ የባለመስታወቱ ቁም ሳጥን ቁልፍ ያዥ፣ የሶፋው ላስቲክ ባለአደራ።

ሶፋው ከተገዛ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ላስቲኩ ግን አልተገፈፈም። በሙቀቱ ወራት የተቀመጠበት ሰው ሲነሳ ሱሪው ሳይነሳ ይቀራል። ቁም ሳጥኑ ውስጥ የወርቅ ቅብ የሻይ ስኒዎች ተደርድረዋል፤ እሳቸው የሚጠጡት አፉ በተሸረፈው ነው። ልጃቸው ከኮሪያ የላከላቸው ሽቶ ሽቶ የሚል ሳሙና ሳይነካ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ምነው ቢጠቀሙበት ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ለእንግዳ ነው።»

ይሄ ያስቃል። የማያስቀው ሳላቸው ነው። እትዬ አስም አለባቸው፤ እኔ ደግሞ ግድግዳ ተጋሪያቸው ነኝ፣ ስንቴ እንደሳሉ ሳልወድ እቆጥራለሁ። አምና በበረዶው ወቅት ትንፋሽ አጥሯቸው ከንፈራቸው ጠቁሮ ሆስፒታል ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪሟ ከዚያ ወዲህ አፏ እስኪደርቅ አስረድታቸዋለች። በአፍ ከሚሳቡት ሁለት መድኃኒቶቻቸው ሰማያዊዋ ለጭንቅ ሰዓት ናት። የሳንባውን ቧንቧ ቁጣ የሚያበርደው ቡናማው ነው፤ ሳል ኖረም አልኖረም ጠዋትና ማታ ይሳባል፣ ከዚያ አፍ ይጉመጠመጣል። የሳል ሽሮፕ የዚህን ቦታ አይተካም። እንዲህ ከቀጠሉም የሚመጣውን በረዶ ላይሻገሩ ይችላሉ ብላ ለእኔ ለብቻዬ ነግራኛለች።

እትዬ ግን ሰማያዊዋን ቀኑን ሙሉ ይስባሉ፣ ሽሮፑን እንደ ማር ይልሳሉ። ስለ ቡናማው ስጠይቃቸው «አለ፣ አለ» ብለው ወሬ ይቀይራሉ።

አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ እሳቸው ቤት ሻይ ስጠጣ ሦስት ጊዜ ሳልኩ። እትዬ ብድግ አሉ፣ ከጉያቸው ቁልፍ አወጡ፣ ቁም ሳጥኑን ከፈቱ። በብር ቀለም ትሪ፣ በጥልፍ ጨርቅ ላይ፣ ሦስት ያልተከፈቱ ካርቶኖች አቀረቡልኝ። ቡናማው ነው።

«ውሰድ፣ ሸራሊ ልጄ። ደህና መድኃኒት ነው፤ ለእንግዳ ያስቀመጥኩት።»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? የአንደኛው ጊዜ ካለፈ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቀስ ብዬ ኪሴ ከተትኩት። የሁለቱ አላለፈም። እንዳልቆጣ ሐኪሟ ዓመት ሙሉ ተቆጥታ ምንም አልፈየደችም። ከሐኪም በላይ የሚፈሩት ሕግ ያስፈልገኝ ነበር። አገራችን ደግሞ ባለቤት የመጀመሪያውን ስኒ ራሱ ሳይጠጣ ለእንግዳ አይቀዳም።

«እትዬ፣» አልኩ፣ «ባለቤት ሳይቀምስ እንግዳ ይቀምሳል እንዴ?»

ይህን ሥርዓት ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። አንዱን ካርቶን እየሳሱ ከፈቱ፣ ሳቡ፣ ተጉመጠመጡ። እኔ የያዘኝ ተራ ጉንፋን ስለሆነ ሻዩ እንደሚበቃኝ ነገርኳቸው፤ ነገ ጠዋት ግን በእንግድነት እንደምመጣ አስጠነቀቅኩ።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ይባላል። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ወርቅ ሆኜ ከረምኩ። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ፣ አንዳንዴም ክራቫት አስሬ፣ ላስቲኩ ላይ እየተንሸራተትኩ በወርቅ ቅቡ ስኒ ጠጣሁ፤ እሳቸውም እንደ ባለቤት ቀድመው ቡናማውን ሳቡ። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሳል እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ።

ከዚያ እህቴ ቡኻራ ስትዳር ሳምንት ቆየሁ። ሙሽራዋ ስትጨፍር እኔ የማስበው የተቆለፈውን ቁም ሳጥን ነበር። እንደተመለስኩ ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ እትዬ ቤት ገባሁ። ቡናማው ምድጃው አጠገብ፣ በጨውና በክብሪቱ መሃል ቆሟል፤ አፉ በአገልግሎት ብዛት ደብዝዟል።

«አንተ ጠፋህ ብዬ መድኃኒቴን ልተው?» ብለው ተቆጡኝ፣ አንዴም ሳይስሉ።

ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ትንሽም ከፋኝ፤ ሥራዬን የተነጠቅኩ መሰለኝ። ሻይ ቀድተው ፊቴ አስቀመጡ። አፉ የተሸረፈው ስኒ ነው። ዓይኔ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደ።

«ምን ታያለህ?» አሉኝ እትዬ። «እነዚያ ለእንግዳ ናቸው።»