መንገድ የሄደችው አሳማ

(ፊጂ፣ ካንዳቩ ደሴት፣ ቅዳሜ ረፋድ። ነማኒ የጋለ ድንጋይ ተሞልቶ ቅጠልና አፈር በተከመረበት የጉድጓድ ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብሏል። ከሰዓት በኋላ ልጁን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ዓሣ ብቻ ቢያቀርብ ጉድ ፈላ! መንደሩ «ቀርፋፋው» ይለዋል። እሱም ተከራክሮ አያውቅም፤ መልስ እስኪያስብ ሰው ተነሥቶ ይሄድበታል። የአክስቱ ልጅ ሳኪዩሳ፣ አገር ያየሁት እኔ ብቻ ባዩ፣ ከፊቱ ቆሞ በጀልባ ሄጄ አየሁት ስለሚለው ቦታ እጁን እያወራጨ ያወራል።)

ሳኪዩሳ፦ ሁለት ነው አልኩህ! ፏፏቴው ሁለት ነው!

ነማኒ፦ አንድ አይሆንም?

ሳኪዩሳ፦ ያየሁት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?

ነማኒ፦ አንተ። እኔ ምን አይቼ አውቃለሁ!

ሳኪዩሳ፦ እንግዲያው ስማ! እንደዚያ ያለ ውብ ቦታ በዕድሜዬ አላየሁም። አሸዋው ዱቄት! ውሃው ደግሞ፣ ወይ ጉድ፣ የዓሣውን ቅርፊት ቁጭ ብለህ ትቆጥራለህ።

ነማኒ፦ ስንት ሆነ?

ሳኪዩሳ፦ ምኑ?

ነማኒ፦ ቅርፊቱ።

ሳኪዩሳ፦ ኧረ በፈጠረህ!

ነማኒ፦ ሩቅ ነው?

ሳኪዩሳ፦ ሦስት ቀን በባሕር!

ነማኒ፦ ማክሰኞ ጠዋት ሄደህ ማክሰኞ ለምሳ ተመለስክ እኮ።

ሳኪዩሳ፦ (ሳል ይዞት) ነፋሱ ከኋላዬ ነበር።

ነማኒ፦ ስትሄድም? ስትመጣም?

ሳኪዩሳ፦ ዞረልኛ! አንተ ስለ ነፋስ ምን ታውቃለህ? (ያሸታል) ይልቅ አፈር ጨምር፣ እንፋሎቱ እያመለጠ ነው። ዓሣው ደግሞ ዛሬ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚያውደው?

ነማኒ፦ እሺ። (አፈር ይጨምራል) የአክስቴ ልጅ፣ ያቺ አሳማህ...

ሳኪዩሳ፦ አሳማ የለኝም!

ነማኒ፦ ሰኞ ነበረችህ።

ሳኪዩሳ፦ መንገድ ሄዳለች።

ነማኒ፦ አሳማ?

ሳኪዩሳ፦ ምን ላድርግ? ዘመድ «ስጠኝ» ካለ እምቢ ማለት ነውር መሆኑን ታውቃለህ። ብትኖርማ ለልጅህ ቀን ዓይኔን ሳላሽ እሰጥህ ነበር! የሌለ ነገር ግን አይጠየቅም።

ነማኒ፦ እውነት ብትኖር ትሰጠኝ ነበር?

ሳኪዩሳ፦ እናቴ ትሙት!

ነማኒ፦ ኧረ አክስቴን አትግደልብኝ፣ አምኜሃለሁ። ያ ውብ ቦታ ሰው አለበት?

ሳኪዩሳ፦ ነፍስ የለም! ለዚህ እኮ ነው የመረጥኩት... ማለቴ፣ የወደድኩት።

ነማኒ፦ የተቀመጠች ሴት የሚመስል አለት አለው?

ሳኪዩሳ፦ (ደንገጥ ብሎ) ማን ነገረህ?

ነማኒ፦ አጠገቡስ ያዘመመ የኮኮናት ዛፍ?

ሳኪዩሳ፦ አንተ... የት ታውቀዋለህ?

ነማኒ፦ የእናቴ ወንድሞች መሬት ነዋ! ከዚህ ጉብታ ማዶ። አንተ በጀልባ ትዞራለህ፣ እኔ በእግሬ እወርዳለሁ። ፏፏቴውም አንድ ነው። ሁለት የሚመስለው ከዛፉ ሥር ላጎነበሰ ሰው ብቻ ነው፤ አለቱ ይጋርደዋል። ምን ልታስር አጎነበስክ?

ሳኪዩሳ፦ የ... የጫማዬን ክር።

ነማኒ፦ ከሰንበት በቀር መቼ ጫማ አድርገህ ታውቃለህ?

ሳኪዩሳ፦ ነማኒ! እዚያ ሄደሃል?

ነማኒ፦ ትናንት። አንዲት አሳማ በቀይ ገመድ ታስራ ፏፏቴውን ታያለች። እንዴት ደስ እንዳላት! ላስነሣት አሳዘነችኝ።

ሳኪዩሳ፦ (በተስፋ) አሳዘነችህና ተውካት! ጎበዝ!

ነማኒ፦ ቁጭ ብዬ ትንሽ አብሬያት አየሁ። እውነትህን ነው፣ በጣም ያምራል።

ሳኪዩሳ፦ ከዚያስ?

ነማኒ፦ ከዚያማ፣ የእህት ልጅ በእናቱ ወንድሞች መሬት ያገኘውን ሳይጠይቅ ይወስዳል። ሕጉን በዓመት አሥር ጊዜ የምትነግረኝ አንተ አይደለህ?

ሳኪዩሳ፦ (እንደ አገሩ የልመና ወግ ተንበርክኮ እያጨበጨበ) የአጎቴ ልጅ! ስጠኝ! እለምንሃለሁ፣ አሳማዬን ስጠኝ! ዘመድ ሲጠይቅ እምቢ አይባልም!

ነማኒ፦ (አፈሩን ገለጥ፣ ቅጠሉን ገለጥ እያደረገ) ምን በወጣኝ እምቢ እላለሁ? እንዳልከው መንገድ ሄዳ ነበር፤ ይኸው ተመለሰች። ጭኗን ነው ወይስ ጎኗን?