ክቡር ጭማሪ እና የእናቴ መታጠቢያ ቤት

ቤት ያሠራ፣ ያሳደሰ ወይም አንዲት ቧንቧ ያስቀየረ ሰው ሁሉ ክቡር ጭማሪን ያውቃቸዋል። እርስዎ ቤት ሲመጡ ወፍራም ነበሩ፣ እኔ ቤት ሲመጡ ቀጭን ናቸው፤ ጎረቤትዎ ዘንድ ደግሞ ጢም አሳድገው ይሆናል። ሰውየው ግን ያው አንድ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የሚጠሩት ዋጋ እንደ ሰላምታ ነው፤ ለመግባቢያ ያህል የሚባል እንጂ የምር ተብሎ የሚያዝ ነገር አይደለም። የምር ብሎ የያዘው ሞኝ እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ብቻዋን ትኖር ነበር። ጉልበቷ እምቢ ካላት ወዲህ እኛ ጋ እንድትገባ ብንለምናት ብንለምናት አሻፈረኝ አለች። ምክንያቷ አንድ ነው፤ የእኛ መታጠቢያ ቤት ፎቅ ላይ ነው። «ልጄና ምራቴ አቅፈው እያወጡ፣ አቅፈው እያወረዱ ሊያጥቡኝ? ያ የሚሆነው ስሞት ነው!» አለች። ገላዋን ለብቻዋ፣ በሯን ዘግታ መታጠብ ለእናቴ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ እኔና ባለቤቴ ምድር ቤት፣ ሳሎኑ አጠገብ ያለችውን ዕቃ ቤት መታጠቢያ ቤት ልናደርጋት ወሰንን። እናቴም «እሱ ካለቀማ እመጣለሁ» ብላ ቃሏን ሰጠች።

ክቡርነታቸው የተጠሩት ለዚህ ነው። እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ሜትር ወገባቸው ላይ አንጠልጥለው መጡና ዕቃ ቤቷን በዓይናቸው አንድ ጊዜ ዞሯት። ከዚያ ዋጋ ጠሩ። የዋጋው ትንሽነት ሆዴን አባባው። እውነቴን ነው፣ የሰውየው ልጆች ምን ሊበሉ ነው ብዬ ተጨነቅሁ። «አይጎዱም?» አልኳቸው፤ እኔው ራሴ፣ በገዛ አፌ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው፣

«ለእናት አይደል? ግድ የለም፣ እኔው ልጎዳ» አሉ።

ባለቤቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔም እንዲህ ያለ ሰው ዛሬም አለ እንዴ እያልኩ በሁለት እጄ ጨበጥኳቸው።

ክቡር ጭማሪ ግድግዳ የሚመረምሩት በጣታቸው አንጓ ነው። ኳ፣ ኳ፣ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም ይላሉ። ሐኪም ፊት ተቀምጬ እንኳ ልቤ እንደዚያ መትቶ አያውቅም።

«ምነው?»

«እንጃ።»

«ምን እንጃ ይባላል? ምን አለው?»

«ሲከፈት ነው የሚታወቀው።»

ተከፈተ። ቧንቧው ዝጓል ተባለ። «እንግዲህ ይሄ በዋጋችን ውስጥ አልነበረም። ግን ግድ የለም፣ ግማሹን እኔው ልጎዳ።» ሌላኛው ግድግዳ ተንኳኳ፤ ተከፈተ፤ እርጥበት በልቶታል ተባለ። ወለሉ ተንኳኳ። ጣሪያው እንኳ በመጥረጊያ እንጨት ተንኳኳ። አንድም ቦታ ተንኳኩቶ ደህና የሆነ ነገር አልተገኘም። እኔ ስንት ዓመት ምንም ሳይመስለኝ የኖርኩበት ቤት፣ ለካ የቆመው በእግዜር ቸርነት ብቻ ኖሯል!

እያንዳንዱ ምርመራ በጭማሪ ያልቃል፤ እያንዳንዱ ጭማሪ ደግሞ በ«እኔው ልጎዳ» ይታሰራል። በእኔ ግምት ሰውየው እኔ ቤት ብቻ የተጎዱት ጉዳት ሲደማመር በእግራቸው ቆመው መሄድ አልነበረባቸውም። እሳቸው ግን አንድ ቀን አዲስ ጫማ አድርገው መጡ።

በዚህ ጊዜ ባለቤቴ «ተወው ለእኔ» አለች። ባለቤቴ ስትከራከር የጨርቅ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ የሚሸሻት ሴት ናት። ክቡርነታቸውን ይዛ ገባች፤ እኔ ከውጭ ሆኜ አዳምጣለሁ።

«ውሃው የሚገባበትን ሠርተዋል። የሚወጣበትስ?»

«እህቴ፣ የተነጋገርነው መግቢያውን ነው።»

«እና የገባው ውሃ እዚያው ይኑር?»

«እኔም ይሄን ቀድመሽ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር» አሉ፤ ዓይናቸውን በጨው ታጥበው።

ቆይታ ስትወጣ የፍሳሹን ጭማሪ ተቀብላለች፤ በዚያ ላይ ሴራሚኩ እስከ ጣሪያ ድረስ እንዲሆን አዝዛለች። ልታስቀንስ ገብታ አስጨምራ ወጣች። «ግማሽ ላይ ቢቆም ያስጠላል አሉኝ» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ተናግራ አታውቅም።

እናቴ በስልክ «አለቀ?» ባለች ቁጥር እኔ ክቡርነታቸውን እጠይቃለሁ፤ እሳቸው «ተቃርቧል» ይላሉ፤ እኔም «ተቃርቧል» እላታለሁ። እሷ ደግሞ የቃል ሰው ናትና ተቃርቧል ማለት አልቋል ማለት መስሏት ሻንጣዋን ይዛ ከች አለች።

መታጠቢያ ቤቱ ያምራል፤ ይህን መካድ አልችልም። ሴራሚኩ ያበራል፣ ቧንቧው ሲነኩት ይታዘዛል፣ መያዣ ብረቱ ልክ እጇ ላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ የለውም። በር የለውም። ባለቤቴ አንሶላ ሰቀለችበት። እናቴ አንሶላውን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ፣ ወደ ሳሎኑ ዞር ብላ አይታ፣ «ይቆየኝ» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች። በማግስቱም ይቆየኝ አለች። በሳፋ ውሃ አስገብታ ፊቷንና እግሯን በእርጥብ ፎጣ አበሰች። እኔን ያመመኝ ይሄ ነው። ያን ሁሉ አፍርሰን፣ ያን ሁሉ ከፍለን፣ እናቴ ቤቴ መጥታ መታጠብ አልቻለችም።

ክቡር ጭማሪን ኮሪደሩ ላይ ያዝኳቸው።

«በሩስ?»

«የቱ በር?»

«የመታጠቢያ ቤቱ በር!»

«ወንድሜ፣ የተስማማነው መታጠቢያ ቤት ነው። በር የአናጺ ነው።»

ደሜ ፈላ። ጨርቄን ልጥል ምንም አልቀረኝም። «እርስዎ ሰው አይደሉም! ኪሴን አራቆቱኝ! መጀመሪያ ባሉኝ ላይ ያስጨመሩኝ እኮ ሌላ ቤት ይሠራል! ይህች አንዲት ክፍል ልታጠፋኝ ነው!» እያልኩ ጮህኩ። ክቡርነታቸው አልተቆጡም። በእኔ ትከሻ ላይ አሻግረው ወደ ኋላዬ ያዩ ነበር። ዞር ስል የእናቴ ክፍል በር ገርበብ ብሏል።

ስገባ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ሻንጣዋ ጉልበቷ ላይ ነው።

«ለእኔ ብለህ ቤትህን አታፍርስ። ወደ ቤቴ መልሰኝ።»

«እማዬ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው...»

«አትዋሸኝ።»

መዋሸት አልችልበትም፤ በተለይ ለእሷ። ሻንጣዋን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠችኝም። ሻንጣዋን ተደግፋ ተነሣችና በእኔ በኩል አልፋ ክቡርነታቸውን ጠራቻቸው።

«አንተ ልጅ፣ ና እስቲ። እውነቱን ንገረኝ። ለዚህች ክፍል መጀመሪያ ካልከው ላይ ስንት ጨመርክበት?»

እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን ከመጨመር በቀር የሚያውቁት ነገር የለም፤ የጨመሩትን ደግሞ ቧንቧ በቧንቧ፣ ግድግዳ በግድግዳ ቆጥረው ማስረዳት ይወዳሉ። ክቡርነታቸው ሻንጣውን አዩት። ጉልበቷን አዩት። ከዚያ እርሳሱን ከጆሯቸው ላይ አውርደው፣ ቤተ መንግሥት የገቡ ይመስል ለጥ ብለው፣

«እማማ፣ አንዲት ሳንቲም አልጨመርኩም» አሉ።

«ታዲያ ምን ያስጮኸዋል?»

«በሩ ዘግይቶብኝ ነው። መጀመሪያ በተነጋገርነው ውስጥ ያለ በር ነው፤ ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ልጅዎ ቢቆጣ እውነቱን ነው።»

ዓይናቸው አልተርገበገበም። እንዲህ ጥርት ያለ ውሸት በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። እናቴ ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው፤ እሳቸውም እንደ ተማሪ ቆሙላት።

«ታዲያ ምን ቆመሃል? አታመጣውም እንዴ?»

አዲሱን ጫማ አድርገው ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ዕለት ብቻ ነው።

በሩ መጣ። ወደ ውጭ እንዲከፈት አድርገው ገጠሙት፤ መቀርቀሪያውን ዝቅ አድርገው፣ ክንዷን ሳታነሣ የምትደርስበት ቦታ ላይ መቱት። እናቴ ፎጣዋን ይዛ ገባች። መቀርቀሪያው ቀጭ አለ። ውሃው ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ማንጎራጎር ጀመረች። እኔና ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ቆመን አዳመጥናት። ደስ አለኝ፤ እንባዬም መጣ።

ክቡር ጭማሪን እስከ ውጭው በር ሸኘኋቸው። ላመሰግናቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«የበሩን ትከፍለኛለህ።»

«እንዴ! በዋጋው ውስጥ ነው አላሉም?»

«ለእሳቸው ነው እንደዚያ ያልኩት። ላንተ መቼ አልኩህ?» አሉና ሜትራቸውን ወገባቸው ላይ አስተካከሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እናትህን ዋሽቻቸዋለሁ። ለእሱ ግን አላስከፍልህም። እሱን እኔው ልጎዳ» አሉኝ።

ያችን ቃል ከአፋቸው ስሰማት ከርሜያለሁ። ያመንኳት ግን ያን ጊዜ ነው። የበሩን ከፈልኩ፤ በሁለት እጄም ጨበጥኳቸው።

ወጥተው ሊሄዱ ሲሉ፣ እንዲያው በልማድ፣ የውጭውን በር ምሰሶ በጣታቸው አንጓ ነካ አደረጉት። ኳ፣ ኳ። ጆሯቸውን አስጠጉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም አሉ። ልብ ያለው ሰው በሩን ዘግቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ከውስጥ የውሃው ድምፅና የእናቴ እንጉርጉሮ ይሰማኛል።

«ምነው?» አልኳቸው።