ወይዘሮ «የለሁበትም» እና የጃፓኑ ውሻ

በየሰፈሩ አንዲት «እኔ የለሁበትም» ባይ አትጠፋም። ሠርግ ቢሆን የለችበትም፤ ዳሱ ግን እሷ ካላየችው ጠማማ ነው። የባልና ሚስት ጠብ ቢሆን የለችበትም፤ ዕርቁ ግን የሚያልቀው እሷ ቤት ነው። የመካነ ኢየሱስ ከተማዋ ክብርት እትዬ ተሾመች የዚህ ወገን አለቃ ነበሩ።

በጃንሆይ ዘመን መንገድ የሚቀይስ አንድ ጃፓናዊ የጓሮ ክፍላቸውን ተከራይቶ ከረመ። ሥራው ሲያልቅ ወደ አገሩ ተጠራ፤ ውሻውን ይዞ መሄድ ግን አልሆነለትም። ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ በአስተርጓሚ አስለምኖ፣ ገመዱን ለእትዬ ተሾመች አስያዘና ሄደ።

«ደግ ሰው እስኪገኝለት ነው እንጂ እኔ የለሁበትም!» አሉ፣ ገመዱን እጃቸው ላይ ሁለት ዙር እየጠመጠሙ።

የውሻው ዘር አኪታ ይባላል፤ ሰፈሩም ስሙ አድርጎ ያዘው። ጥጃ የሚያህል ነው። ጠጉሩ ቀይና ጥቅጥቅ ያለ፣ ጅራቱ ወገቡ ላይ እንደ ቄስ ጥምጥም የተጠቀለለ። አይጮህም፤ ዝም ብሎ ሰው ያያል። ይኸው ዝምታው አስፈራ።

የባሰው ግን «ቆይ» ሲሉት አለመቆየቱ ነው። ጎረቤታቸው ብርቄ እንስራዋን አዝላ ስትመለስ ከደጅ ብድግ አለባት። «ቆይ!» አለችው። መጣ። «ኧረ ቆይ!» ሮጠ። «ቆይ አልኩህ እኮ! ቆይ! ቆይ!» እግሯ ሥር ደርሶ ዘፍ አለ፤ እንስራው ግን ተሰበረ። መምሬ ቀለመ ወርቅም «ቆይ፣ ቆይ» እያሉ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሸኛቸው።

«አልታዘዝም ባይ ነው፤ ጠበል ይሻዋል» ብለው ፈረዱ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የአርብ ገበያው እህል ነጋዴ አቶ ይሁኔ ፋሲካ ሲያልፍ ሊወስዱት፣ ጎተራቸው ላይም በሰንሰለት ሊያስሩት ጠየቁ።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?» ተባሉ እትዬ ተሾመች።

«እኔ? እኔ የለሁበትም!»

እንደ ልማዳቸው ነበር ያሉት። ሽማግሌዎቹ ግን እሺታ ነው ብለው ቋጩት።

በሳምንቱ እትዬ ተሾመች ገና በማለዳ ብርቄ ቤት ከተፍ አሉ። «አንቺ ብርቄ! ያ ሰውዬ አመሻሽ ላይ ውሻውን ሲጠራው ምን ይል ነበር? ‹ኮይ!› አይደል? ባገሩ ‹ና› ማለት ነው እኮ! እኛ ቆይ ስንለው እሱ ና የተባለ መስሎት! ልጄ ታዛዥ ነው!»

«ልጄ አሉት?» አለች ብርቄ።

«ውሻው ነው ያልኩት። ደሞ እኔ የለሁበትም።»

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ «ቁም» ማለት ለመደ። ሁዳዴ ገብቶ ሰው ሁሉ ሽሮ ሲውጥ አኪታ ወተት ይጠጣ ነበር። «ክርስትና ያልተነሣ አይጾምም» ብለው እትዬ ተሾመች መምሬን ራሳቸውን አስተማሯቸው። ብርቄ አንድ ቀን ውሻውን ከቤት ውስጥ አጎዛ ላይ ተጋድሞ አገኘችው። «ለዝናቡ ነው» አሏት። ሰማዩ ግን እንደ ታጠበ ብርጭቆ የጠራ ነበር።

ፋሲካ አለፈ። አቶ ይሁኔ በበቅሎ መጡ፤ ሰንሰለቱ ከኮርቻው ላይ ይንቃጨላል። እትዬ ተሾመች በነጠላቸው ጫፍ የውሻውን አፍንጫ ጠረጉ። ምን ይበሉ? የለሁበትም ብለዋል። አኪታ በገመድ እየተሳበ፣ ዘወር እያለ እያያቸው ሄደ። ከቅያሱ ሊታጠፉ ሲሉ፣

«ቆይ!»

ገመዱ ከአቶ ይሁኔ እጅ ተፈተለከ። አኪታ መንገዱን በአቧራ ሞልቶ ሲመጣ እትዬ ተሾመችን ከነነጠላቸው ደጃቸው ላይ ቁጭ አደረጋቸው።

«ምነው እትዬ! ጠሩት እኮ!» አሉ አቶ ይሁኔ ባዶ መዳፋቸውን እያዩ።

«እኔ? እኔ የለሁበትም! እርስዎን ነው ቆይ ያልኩ። ስንቅ ልቋጥርልዎ ብዬ!» አሉ፣ የውሻውን አንገት በሁለት እጃቸው እንዳቀፉ።

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ተሾመች እንኳን አቶ ይሁኔን፣ የአቶ ይሁኔን በቅሎ «አንተ» ብለው አያውቁም። ለእሳቸው ቢሆን «ይቆዩ» ነበር የሚሉት።

መምሬ ቀለመ ወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቶ ይሁኔ፣ እርስዎ በሰላም ይግቡ። የተጠራው መጥቷል።»

አቶ ይሁኔ ሰንሰለታቸውን እያንቃጨሉ፣ እየሳቁም ሄዱ። ስንቅ የቋጠረላቸው የለም።

በየሰፈሩ አንዲት «የለሁበትም» ባይ አትጠፋም ብለናል። አትጥፋብን!