ከአሰብ የመጣው ጊታርና አንዲት ሽቦ

ሰው ርካሽ ዕቃ ሲገዛ ሁለት ጊዜ ይደሰታል። አንዴ የገዛ ዕለት፣ አንዴ ደግሞ «እንዲህ እንዲህ ቢደረግለት እኮ ከዋናው በምን ያንሳል?» ማለት የጀመረ ዕለት። ከሁለቱ አደገኛው ሁለተኛው ነው። ነፋስ ስልክ ስንኖር አንድ ጎረቤቴ በሩ አልዘጋ የሚል ቁም ሣጥን ገዝቶ ማጠፊያውን ለወጠ፣ ማጠፊያውን አልሸከም ያለውን እንጨት ለወጠ፣ እግሩን አስረዘመ፣ ጀርባውን አስወፈረ፤ በመጨረሻ ግሩም ቁም ሣጥን ሆነለትና በመኝታ ቤቱ በር አልገባ አለው። ስንት ዓመት ሳሎን ቆሞ እንግዳ ተቀበለ። እናንተም አትሳቁ፤ ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ ብታዩ እንዲህ ያለ አንድ ነገር አታጡም። አባቶች «ከእባብ እንቁላል እርግብ አይፈለፈልም» ያሉት እኮ እንቁላሉን ታቅፎ «ትንሽ ቢሞቀው» የሚል እንደ እኛ ያለ ሰው አስቸግሯቸው ነው።

ሰው የማማው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። የእኔ ቁም ሣጥን ጊታር ነበር።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ከባድ መኪኖች ገና አሰብ ይመላለሳሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ሠርግ ቤት እንጫወታለን። አንዱ ኪቦርድ አለው፣ አንዱ ከበሮ አለው፣ አንዱ ድምፅ አለው። እኔ ምኞት ነበረኝ። አንድ ቀን ታዲያ የአሰብ መስመር ሹፌር የሆነ ጎረቤታችን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎልኝ መጣ። ስፈታው ቀይ የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። አናቱ ላይ ዓለም የሚያውቀው የአሜሪካ ፋብሪካ ስም በወርቃማ ቀለም ተጽፎበታል፤ ከፊደሎቹ አንዷ ብቻ የለችም።

«አንዷ ፊደል የት ሄደች?» አልኩት።

«መንገዱ ኮረኮንች ነው» አለኝ።

ገዛሁት። ጊታሩ ሲታይ ያምራል፤ ችግሩ ሲሰማ ነው። አንድ ዘፈን ጀምሬ ሳልጨርስ ክሮቹ ይላላሉና ሌላ ዘፈን ይሆናል። ብነካውም ባልነካውም እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ድምፁን የሚያጎላልኝ ደግሞ ከአንድ ከፈረሰ የኪነት ቡድን የተረፈ፣ ቆርቆሮ ለበስ አሮጌ አምፕሊፋየር ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ የሰማችው ዕለት ወጥ ቤት ሆና «ሬዲዮኑን ዝጋው፣ ጣቢያው ጠፍቷል» አለችኝ። እንዲህም ሆኖ ዓመት ተጫወትኩበት። ሠርገኛ ደግ ነው፤ ከጠገበ አይመራመርም። እኔ ነኝ ያልቻልኩት። «ትንሽ ነገር ብቻ ቢደረግለት» የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገባች።

ጊታሩን አንጠልጥዬ መካኒሳ አቦ ወረድኩ። እዚያ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል፣ ጋሽ አሰፋ የሚባል ሰው በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናል። በቀድሞው ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ጊታር ይጫወት ነበር ይባላል። «ይባላል» የምለው ሲጫወት ያየ ሰው ስላላገኘሁ ነው። ሠራዊቱ ሲበተን ሙዚቃውም ተበተነ፤ ጋሽ አሰፋም ከዚያ ወዲህ የሰው ሬዲዮ ከፍቶ ውስጥ ውስጡን ሲያይ ይውላል።

ጊታሩን ተቀብሎ አንገቱን በአንድ ዓይኑ እንደ ጠመንጃ አነጣጥሮ አየው። አገላበጠው። በጥፍሩ ቆረቆረው።

«እንጨቱ እንጨት ነው» አለ።

«ጥሩ ነው ማለት ነው?»

«የቀረው ግን የሚባለውን አይደለም ማለቴ ነው። ሽጠው። ለእሱ የምታፈሰውን አጠራቅመህ የሰው ጊታር ግዛ።»

ይኼ ምክር ነበር፤ ያውም በነፃ። ሰው ግን ምክር የሚሰማው ያሰበውን ሲነግሩት ብቻ ነው። በሳምንቱ ሄድኩ፣ በሚቀጥለውም ሄድኩ። ጋሽ አሰፋ ከራሱ ጋር እያጉተመተመ መቃኛ ቁልፎቹን ለወጠ፤ ክሮቹ የሚያርፉባትን ጉጥ አውጥቶ ጥሎ ከቀንድ ሞርዶ አዲስ ሠራ፤ የአንገቱን ብረቶች አንድ በአንድ አስተካከለ። በአራተኛው ሳምንት ከመሳቢያው ሥር በመሐረብ የተቋጠረ ነገር አወጣ። ሲፈታው ሁለት አሮጌ ፒክአፖች ናቸው፤ ከክሮቹ ሥር ተቀምጠው ድምፃቸውን የሚለቅሙት ማግኔቶች።

«የማን ናቸው?»

«የእኔ ጊታር ናቸው። የተበተንን ሰሞን አንገቱ ተሰበረ። እነዚህን ብቻ ነቅዬ አስቀረሁ።»

ደነገጥኩ። ስንት ዓመት በመሐረብ ቋጥሮ ያኖረውን አንዲት ፊደል ለጎደለችው ጊታር ሊሰጥ ነው። «ተው እንጂ ጋሽ አሰፋ፣ ለራስህ ሌላ ጊታር ላይ ብትገጥማቸውስ?» አልኩት።

«እጄ ደርቋል» አለና መበየጃውን ሰካ።

የጊታሩን ሆድ ሲከፍት ሌላም ነገር አገኘ። የሠሩት ሰዎች አንዲት ሽቦ ሰስተዋል፤ ክሮቹን ከአምፕሊፋየሩ ብረት ጋር የምታገናኘዋን። «እንደ ንብ የሚያጉረመርመው ለዚህ ነው» አለኝ። ሽቦዋን ቆርጦ በየዳት። ከራሱ ትንሽ አምፕሊፋየር ጋር አገናኝቶ ክሮቹን በመዳፉ ሲነካቸው ጊታሩ ጸጥ አለ። ጊታር ዝም ሲል እንዴት ደስ እንደሚል ያን ቀን አወቅኩ። ጋሽ አሰፋም ደስ ብሎታል፤ ግን አልተጫወተም። «እንካ» ብሎ አቀበለኝ።

ያ ቀን የሠርግ ቀን ነበር። ሀና ማርያም ውስጥ ኦቦ ደገፋ የሚባሉ ነባር ገበሬ፣ እኔ ያስተማርኳትን ልጃቸውን ይድራሉ። ከፋሲካ በኋላ ነውና የበልግ ዝናብ ጠዋት ወርዶ የግቢው ሣር ጨቅይቷል። ኤሌክትሪክ ከሰፈሩ ወፍጮ ቤት በረጅም ገመድ ተስቦልናል። ለእኛ ለሙዚቀኞቹ ክብር ሲባል በፕላስቲክ የቢራ ሳጥኖች ላይ ጣውላ ተደርድሮ መድረክ ተሠርቷል፤ ጫማችን እንኳ አልቆሸሸም። ኦቦ ደገፋ ግን ለሠርጉ የተገዛላቸው ጫማ ቢያሠቃያቸው አውልቀው በባዶ እግራቸው እንግዳ ያስተናግዳሉ።

ከምሳ በኋላ ረገዳ ጀመርን። ጊታሩ እንደዚያ ቀን ሆኖልኝ አያውቅም። ድምፁ ጠራ፣ ክሩ አልላላ አለ፤ ጓደኞቼ ሳይቀሩ ዞር ዞር እያሉ ያዩኝ ጀመር። ሰዉ ሣሩን እየረገጠ ሲጨፍር መሬቱ ይርገበገባል። ኦቦ ደገፋ ደስታው አላስችል አላቸውና እየረገዱ ወደ እኔ መጡ። ከኪሳቸው ብር አወጡ፣ እንደ ወጉ በምራቃቸው አራሱት፣ እጃቸውን ዘርግተው ግንባሬ ላይ ለጠፉት።

ከዚያ የሆነውን በቅደም ተከተል የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። እኔ የማውቀው እጄ ክሮቹን ጨብጦ አልለቅ እንዳለ፣ ጥርሴ እንደተቆለፈና ፊቴ ላይ ያለው ጣት እንደ ወንፊት ሲንቀጠቀጥ እንደነበረ ነው። የኦቦ ደገፋ ትከሻ ይርገፈገፋል፤ የእኔም ይርገፈገፋል። ሰዉ አዲስ ጭፈራ መሰለው። እልልታው ቀለጠ፣ ጭብጨባው ፈጠነ። ከበሮ መቺያችን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከእኛ ጋር ለመሄድ ምቱን አፋጠነ።

ከዚያ ኦቦ ደገፋ ወደ ኋላ ወደቁ።

ጣታቸው ከግንባሬ ሲለቅ እኔም ተፈታሁ። ከወፍጮ ቤቱ የመጣ አንድ ሰው «ኤሌክትሪክ ነው፣ ገመዱን ንቀሉት» እያለ ሲሮጥ ሰማሁ። ሙዚቃው ቆመ። ሙሽራዋ ቬሏን ጭቃ ላይ እየጎተተች መጥታ አባቷ ራስጌ ተንበረከከች። አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች። እኔ ብሩ ግንባሬ ላይ እንደተለጠፈ ጣውላው ላይ ደርቄ ቀረሁ። ሰው ገደልኩ አልኩ በልቤ። በልጁ ሠርግ፣ በገዛ ግቢው፣ እየሸለመኝ።

ኦቦ ደገፋ ዓይናቸውን ገለጡ። ልጃቸውን አዩ፣ ሰዉን አዩ፣ ከዚያ እኔን ፈልገው አገኙኝ።

«መምህር» አሉ፣ በቀስታ፣ «ምን አደረግኩህ?»

ብዙ ነገር ሰምቼ ደንግጬ አውቃለሁ። እንደዚያች ጥያቄ ግን አጥንቴ ውስጥ የገባ የለም። ቁጣ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። በቴስታ የመታኋቸው መስሏቸዋል።

ወደ ጤና ጣቢያ ይዘዋቸው ሄዱ። «ደህና ነዎት፣ ይረፉ» ተብለው በእግራቸው ተመልሰው ሠርጉን በከበሮ ብቻ እንዳስቀጠሉት የሰማሁት ቆይቼ ነው። እኔ የት አባቴ እቆማለሁ? ጊታሬን ተሸክሜ፣ አምፕሊፋየሩን ጋሪ ላይ አስጭኜ፣ በጭቃው መካኒሳ ገባሁ።

ጋሽ አሰፋ የነገርኩትን ሲሰማ መበየጃውን አስቀመጠ። አንድ ቃል ሳይናገር አምፕሊፋየሩን ሰካና ቆርቆሮውን በቴስተር ነካው። የቴስተሩ ቀስት ዘለለች። ሳጥኑ በብረቱ ላይ ኤሌክትሪክ ያፈስሳል።

«ስንት ጊዜው ነው እንዲህ ከሆነ?» አለኝ።

ያኔ ትዝ አለኝ። ገመዱን ስሰካ ሁልጊዜ ጣቴን ቆንጠጥ ያደርገኝ ነበር። የአሮጌ ዕቃ ጠባይ ነው ብዬ እተወዋለሁ።

«ከገዛሁት ጀምሮ ነው መሰለኝ። ታዲያ ዓመት ሙሉ ስጫወት ለምን አልያዘኝም?»

ጋሽ አሰፋ ቴስተሩን አስቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሽቦዋ ስላልነበረች» አለ። «ክሮቹ ከሳጥኑ ጋር አልተገናኙም ነበር። ዛሬ አገናኘኋቸው። አንተ ደረቅ ጣውላ ላይ ስለቆምክ አልተሰማህም፤ ሰውየው በባዶ እግራቸው እርጥብ መሬት ረግጠው ሲነኩህ በአንተ አልፎ ወደ እሳቸው ሄደ። አየህ፣ እነዚያ አጭበርባሪዎች ሰስተው አዳኑህ። እኔ አሳምሬ ሠርቼ ልገድልህ ነበር።»

እስቲ ፍረዱ። ዓመት ሙሉ የሰደብኩት ጉድለት ነው ዓመት ሙሉ በሕይወት ያኖረኝ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይባላል፤ እኔ ግን ከብብቴ የወደቀችው ነፍሴ መሆኗን የሚነግረኝ አልነበረም።

በሳምንቱ ሁለት ሽማግሌ ይዤ ለይቅርታ ስሄድ ጋሽ አሰፋ «እኔም እመጣለሁ» ብሎ ተከተለን። ኦቦ ደገፋ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሽማግሌዎቹ ገና ሳይጀምሩ ጋሽ አሰፋ ቆመ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ኦቦ። ሽቦዋን ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«ሳጥኑ የእኔ ነው» አልኩ እኔ። «እሱ ሳጥኑን አላየውም።»

«ማየት ነበረብኝ» አለ እሱ። አንዱ ሽማግሌ ወደ ሌላው ዞር ብሎ አየው፤ ጥፋት ለመሻማት የመጣ ሰው አስታርቀው አያውቁም።

ኦቦ ደገፋ ሁለታችንንም አዩን። «በሬ ወግቶኛል» አሉ። «በቅሎም ረግጣኛለች። ብር ሰጥቼው የመታኝ ግን መምህሩ የመጀመሪያው ነው።» ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ እሳቸውም ሳቁ፣ እኔም እንደ ምንም ሳቅኩ። ጋሽ አሰፋ ግን ዓይኑን በእጁ መዳፍ ይጠርጋል።

«አንተ ደግሞ ለምን ታለቅሳለህ? ይኸው ተርፌያለሁ።»

ጋሽ አሰፋ ስለ ፒክአፖቹ ነገራቸው። ስለ መሐረቡ፣ አንገቱ ስለተሰበረው ጊታር፣ ስለተበተኑት ጓደኞቹ። «ከዚያ ወዲህ ጊታር አላነሳሁም። ለሰው ደስታ ይሁን ብዬ ባወጣኋቸው ቀን ይኸው የሆነውን አዩት» አለ።

ኦቦ ደገፋ መሬቱን በበትራቸው ጫር ጫር አደረጉ። «እንግዲያው ካሣዬን ልናገር» አሉ። «ሳጥኑን ሥራው። ሁለተኛዋን ልጄን በጥር እድራለሁ። ያን ቀን ጊታሩን የምትይዘው አንተ ነህ፣ መምህሩ አይደለም። አንተን ካልያዘህ እኔም ብሬን እለጥፋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ «እሺ በል» አሉት። ጋሽ አሰፋ መልስ አልሰጠም። ግን ሽምግልና ላይ ዝም ያለ ሰው እሺ ብሏል።

ሳጥኑን ፈታትቶ እስኪሠራው አሥር ቀን ፈጀበት። ሲጨርስ አስጠራኝ። በቴስተር አየ፣ ደግሞ አየ። ከዚያ ጫማውንና ካልሲውን አወለቀ፤ ወለሉ ላይ አንድ ጣሳ ውኃ አፈሰሰና መሐሉ ቆመ። ልከለክለው ስል በዓይኑ መለሰኝ። ጊታሩን አነገተ፤ ክሮቹን በሙሉ መዳፉ ጨበጠ። ምንም የለም። ትንፋሼን ለቀቅኩ።

እጁ ግን ከክሮቹ ላይ አልተነሳም። መጀመሪያ አንዲት ድምፅ አወጣ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ጣቶቹ ቀስ በቀስ መንገዱን አገኙት። ያ አንድ ዓመት የታገልኩት፣ የሰደብኩት ቀይ እንጨት እንደ ሰው ተናገረ። መንገደኞች በር ላይ ቆሙ። የተበላሸ ቴፕ ታቅፋ የመጣች ሴትዮ ቴፑን መሬት አስቀመጠች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ኤሌክትሪኩ እንኳ እንደዚያ አላራደኝም።

ሲጨርስ «ቅዳሜ ና፤ አንዲት የምትስተካከል ነገር አለች» አለኝ። ቅዳሜ ሄድኩ። «ገና ናት» አለኝ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ገና ነበረች። ጥር መጣ፣ ሁለተኛዋ ልጅ ተዳረች፤ ኦቦ ደገፋ በዚህኛው ጫማቸውን ሳያወልቁ ጋሽ አሰፋ ግንባር ላይ ሁለት ብር ለጠፉ። ከዚያ በኋላ ጊታሩን መጠየቄን ተውኩት።

ሠርግ ቤት መሄዴን ግን አልተውኩም። ገመድ የምሰካው እኔ ነኝ።